ርዕሱ መጨረሻውን ከነገረን በኋላ

«መጨረሻ ላይ ታገኘዋለች ወይስ አታገኘውም?»

የጠየቀችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ጊዜው የ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ ቦታው አበርገሌ፣ ከኒሯቅ ብዙም የማይርቅ የአክስቴ ቤት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰቆጣ ላይ በሚሞሪ ካርድ አስጭኜ የወሰድኩላት እኔ ነበርኩ። ችግሩ፣ ፋይሎቹ ተዘበራርቀው ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ጭራሽ አልከፈት አሉ። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ እንደወጣች፣ እዚያው መንገድ ላይ ቀረችብን።

ለአክስቴ ልጅ ነገሩ ልብ ወለድ ብቻ አልነበረም። የምትወደው ልጅ በሰኔ ለሰሊጥ አረም ሁመራ ወርዷል። ቤተሰቦቿ ደግሞ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥተዋል፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

«አንቺ፣ ርዕሱን አላየሽውም እንዴ?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እስካሁን የሚገርመኝ ይኸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. መጽሐፉን ሲያሳትሙ መቃብሩን ሽፋኑ ላይ ጽፈውልናል። ታዲያ መጨረሻውን ነግሮ የጀመረ ደራሲ እንዴት ልባችንን አንጠልጥሎ ይዞ ይጓዛል?

ለመልሱ ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በፈረንጆች 1908 ሮም ላይ ታተመ። እዚያም ልብስ ቀይራ የምትጓዝ ልጅ አለች፤ ጦቢያ ወንድ መስላ ነው መንገድ የምትወጣው። ጭንቀቱ «ይታወቅባት ይሆን?» የሚል ነው፣ መጨረሻውም ሠርግ ነው። ከሃምሳ ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ሰብለም ልብስ ቀየረች። አሁን ግን ጥያቄው ሌላ ሆኗል፤ እንዳይታወቅባት ከመስጋት ይልቅ እንዳትዘገይ ነው የምንሰጋው።

ሐዲስ ይህን ስጋት የዘሩት ገና ከጅምሩ ነው። ብዙ ወጣት አንባቢ «ፍቅሩ መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ የሚዘላቸው የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ምዕራፎች አሉ አይደል? እባካችሁ አትዝለሏቸው። ባል እየሞተባት የተፈራችው ውድነሽ፣ በመከራ ያገኘችው ልጇ ሲታመም ከባሏ ጋር ስለት ትሳላለች፤ ከዳነ የቤተ ክርስቲያን ይሆናል፣ ሚስት አያገባም። በዛብህ ዳነ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሰብለን ፊደል ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ እኛ ስለቱን ይዘን ነው የምንገባው። እነሱ ሲሳሳቁ እኛ እንሳቀቃለን። አክስቴ፣ አማርኛው ሲጠነክርባት በኽምጣኛ እያስተረጎመች የምታዳምጠው፣ እዚህ ጋ ስትደርስ ሥራዋን አቁማ «ስለት እኮ ነው!» አለች። በዋግም በጎጃምም ስለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው ብልሃታቸው ማዘግየት ነው። ልጆቹ ከተዋደዱ በኋላ ደራሲው ጥለዋቸው ወደ ፊታውራሪውና ወደ ገበሬዎቹ ጠብ ይሄዳሉ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ እነዚህን ገጾች ጠልቻቸው ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ልጃቸውን የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂውን ሁሉ የሚመልሱት አባት ከግብሩ ጠብ ውጭ አይታዩም። ትዕቢቱ አንድ ነው፤ ገበሬውን የሚያስመርረውም ልጅቷን ያለ ባል ያስቀረውም እሱ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ አብዮት ፈነዳ፣ ያ ሥርዓትም ወደቀ።

የራዲዮው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ሲተርከው፣ መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ አንባቢ ሆነ። መጽሐፍ ከያዛችሁ ወደ መጨረሻው ገልጣችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ራዲዮ ግን አይገለጥም፣ ቀጣዩን ቀን መጠበቅ ነው። የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለቀጠሮው ሰዓት የሚቆጥብ ስንት ቤት ነበር! ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. አረፈ፤ ድምፁ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላም ተከዜ ዳር ፍየል ሲያስጠብቅ ሰምቼዋለሁ።

እና ጠየቀችኝ፣ «ታገኘዋለች?»

መጽሐፉን ትምህርት ቤት አንብቤው ነበር። ሰብለ በዛብህን እንደምታገኘው፣ ሲያጣጥር እንደምትደርስበት አውቃለሁ።

«ታገኘዋለች» አልኳት።

ፊቷ በራ። አልዋሸሁም። ግን ቀሪውን አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

የጎደሉትን ክፍሎች ሰቆጣ ሄጄ እንደገና ያስጫንኩላት ከሁለት ወር በኋላ፣ መስከረም ላይ ነው። ብቻዋን አዳመጠችው። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ስልኩን ይዛ መጣች።

«ከመጀመሪያው አድርግልኝ» አለች። «ስለቱን የተሳሉት የቱ ጋ ነበር?»