የሊቁ አንድሬይ ማርኮቭ ዜና መዋዕል

ይህ የሩሲያው ሊቅ የአንድሬይ አንድሬዬቪች ማርኮቭ ዜና መዋዕል ነው። ትውልዱንና ትምህርቱን፥ ከሊቃውንት ጋር የተከራከረውን ክርክር፥ ከመንግሥትና ከቤተ ክህነት የተጣላበትን ነገር፥ ሞቱንም በተርታ እንጽፋለን። ዘመኑ የሚቆጠረው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሌክሳንደር 2ኛ በሩሲያ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1856፥ ማርኮቭ ሪያዛን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በደን አስተዳደር መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ነበረ፤ በኋላም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፒተርስበርግ ሄደ። ሕፃኑ ጉልበቱን ታሞ እስከ ዐሥር ዓመቱ ገደማ በምርኩዝ ይሄድ ነበር። ትምህርት ቤት በገባም ጊዜ ከሒሳብ በቀር በሌላው ትምህርት የሚመሰገን አልሆነም። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የዲፈረንሻል እኩልታ መፍቻ አገኘሁ ብሎ ለታላላቆቹ ሊቃውንት ደብዳቤ ላከ። መፍቻው አዲስ አልነበረም፤ ነገር ግን በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩት ኮርኪንና ዞሎታርዮቭ በዚህ ደብዳቤ አወቁት።

በ1874 ወደ ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያን ጊዜ የሩሲያ የሒሳብ ሊቃውንት አለቃ ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ ነበረ፤ ማርኮቭም ከእርሱ፥ ከኮርኪንና ከዞሎታርዮቭ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በ1878 በወርቅ ሜዳልያ ተመረቀ፤ በ1880 ለማስተርስ ያቀረበው ጽሑፍ ስለ ቁጥሮች ትምህርት ነበረና በአንድ ጊዜ ስሙን አስጠራው፤ በ1884 ዶክተር ተባለ። ከዚያ በፊት በ1883 ቼቢሼቭ ማስተማር ስለ ተወ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ለማርኮቭ ተሰጠ። በዚያው ዓመትም ማሪያ ቫልቫትዬቫን አገባ፤ እርሷም ልጅ ሳለች ሒሳብ ያስጠናት የነበረች ናት። በ1886 ቼቢሼቭ ራሱ አቅርቦት የሳይንስ አካዳሚ ረዳት አባል ሆነ፤ በ1896 ሙሉ አባል ሆነ። በማስተማር ጊዜ ስለ ልብሱም ሆነ በሰሌዳው ላይ ስለሚጽፈው ቀመር ቅደም ተከተል ግድ አልነበረውም ይባላል፤ ማስረጃው ግን አንዲት ቀዳዳ አይገኝበትም ነበር።

በዚህ ዘመን የሆነውን አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ሜንዴሌዬቭ፥ ያ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ የሠራው ኬሚስት፥ ስለ ፈሳሾች ክብደት ሲመራመር አንድ የሒሳብ ጥያቄ ገጠመው። ጥያቄው፥ አንድ ፖሊኖሚያል በተወሰነ ክልል ውስጥ ከፍታው የታወቀ ከሆነ ቁልቁለቱ እስከ ምን ድረስ ሊበረታ ይችላል የሚል ነው። ሜንዴሌዬቭ በትንሹ የፈታውን ማርኮቭ በ1889 ለሁሉም ዓይነት ፖሊኖሚያል ፈታው። ከሦስት ዓመት በኋላም ታናሽ ወንድሙ ቭላዲሚር ነገሩን ከዚያ አልፎ አሰፋው። ይህ ቭላዲሚር ብሩህ ልጅ ነበረ፤ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1897 ገና ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሒሳብ አዋቂዎች እስከ ዛሬ የማርኮቭ ወንድማማቾች ቀመር ብለው ሁለቱን በአንድ ይጠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በፕሮባቢሊቲ ትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ የተባለው ነው። ይህን ያዕቆብ ቤርኑሊ የባዝል ሰው አስቀድሞ አገኘው፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1713 ታተመ። ዘውድና ጎፈር የሚጥል ሰው ጥቂት ጊዜ ቢጥል አምስቴም ዘውድ ሊወጣለት ይችላል፤ እልፍ ጊዜ ቢጥል ግን የዘውዱ ድርሻ ወደ ግማሽ እየተጠጋ ይሄዳል። ቼቢሼቭ በ1867 ይህን ሕግ በአጭርና በጠራ ማስረጃ አጸናው። ከዚህም የሚከብደውን፥ የብዙ ጥቃቅን ዕድሎች ድምር ለምን የደወል መልክ ባለው ኩርባ እንደሚደለደል የሚያስረዳውን ሕግ በ1887 ጀመረ፤ ነገር ግን ማስረጃው ጎዶሎ ነበረና ሳይፈጽመው በ1894 ሞተ። ማርኮቭ የመምህሩን ጅምር በ1898 ሞልቶ ፈጸመ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የጓደኛው የሊያፑኖቭ ማስረጃ መጣ፤ መንገዱ ሌላ፥ የሚጠይቀውም ቅድመ ሁኔታ ያነሰ ስለ ሆነ የቼቢሼቭን መንገድ ወደ ኋላ አስቀረው። ማርኮቭም ሊያፑኖቭን አከበረ፤ ግን የመምህሩ መንገድ ተሸንፎ እንዲቀር አልፈቀደም። ዓመታት ደክሞ በዚያው በአሮጌው መንገድ ሊያፑኖቭ ከደረሰበት ደረሰ። ከዚህ ሥራው የባሕርዩን ጽናት እናያለን።

በዚህ ጊዜ በሞስኮ ፓቬል ኔክራሶቭ የሚባል ሊቅ ነበረ። ወደ ሒሳብ ከመምጣቱ በፊት በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት የተማረ፥ ለዘውዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ቀናተኛ ሰው ነው። በ1902 በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ሲል ተነሣ፦ የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ የሚሠራው ነገሮቹ እርስ በርስ ያልተሳሰሩ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ የጋብቻና የወንጀል ቁጥር በየዓመቱ በአንድ መጠን ሲመላለስ እናያለን፤ እንግዲህ የሰዎች ሥራ አንዱ በሌላው ያልታሰረ ነው፤ ስለዚህ ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለው ሒሳብ ይመሰክራል። የነገረ ሃይማኖትን ክርክር በቁጥር ሊፈታ ፈለገ።

ማርኮቭ ይህን ባነበበ ጊዜ እጅግ ተቆጣ። የተቆጣውም ነጻ ፈቃድ አለ ስለ ተባለ አይደለም፤ ያልተረጋገጠ ነገር በሒሳብ ስም ስለ ተነገረ ነው። ነገሮች ካልተሳሰሩ ሕጉ ይሠራል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ከሠራ ነገሮቹ አልተሳሰሩም ማለት ሌላ ነው። ኔክራሶቭ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነበርና ማርኮቭ እርስ በርስ የተሳሰሩ፥ ሆኖም ሕጉን የሚጠብቁ ነገሮችን ሠርቶ ሊያሳየው ተነሣ። በ1906 በካዛን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ጽሑፉን አወጣ። በእርሱም አንዱ ድርጊት ከፊተኛው ጋር የሚያያዝበትን ተርታ ደረደረ፤ የነገው ዕድል የሚወሰነው በዛሬው ነው፤ ዛሬ ላይ በምን መንገድ እንደ ተደረሰ ግን አይጠየቅም። ይህን ተርታ ሰንሰለት ብሎ ጠራው። ሰንሰለቱ በረዘመ ጊዜ የየነገሩ ድርሻ ወደ ተወሰነ መጠን እንደሚጠጋ አስረዳ። በጽሑፉም ፍጻሜ፥ የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ ይጸና ዘንድ አለመተሳሰር የግድ አያስፈልግም ብሎ ደመደመ። ይህም ለኔክራሶቭ መልስ ነበረ።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ከጠብ የተወለደ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከጠቡ ጋር ይሞታል፤ ይህ ግን ጠበኞቹን ሁለቱንም አልፎ ኖረ። ማርኮቭ ራሱ ለምን እንደሚጠቅም አልጠየቀም፤ ስለ ጥቅሙ ግድ እንደሌለው ለወዳጁ ለቹፕሮቭ ጽፎለታል። ከዚህ ከቹፕሮቭ ጋር የተዋወቀውም በቁጣ ነበር፦ በ1910 ቹፕሮቭ በመጽሐፉ የኔክራሶቭን ስም ከቼቢሼቭ ስም ጋር አስተካክሎ ስላነሣ ማርኮቭ በፖስት ካርድ ገሠጸው። ቹፕሮቭ በትዕግሥት መለሰለት፤ እስከ 1917 ድረስም ተጻጻፉ። ቁጣው ሁልጊዜ በሐሰት ላይ ብቻ ያረፈ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ምላሱ ሰውንም ያቆስል ነበር፤ ባልንጀሮቹም ቁጡው አንድሬይ ይሉት ነበር።

ይህ ጠባዩ በመንግሥት ፊትም አልለዘበም። በ1902 አካዳሚው ደራሲውን ማክሲም ጎርኪን የክብር አባል አድርጎ ቢመርጥ ዛር ኒቆላዎስ 2ኛ ምርጫውን ሻረ። ቼኾቭና ኮሮሌንኮ የክብር አባልነታቸውን ትተው ወጡ፤ ማርኮቭም ነገሩን ተቃወመ። በ1905 ከዩኒቨርሲቲው በጡረታ ወጣ፤ ፕሮባቢሊቲ ማስተማሩን ግን አልተወም። በ1908 ተማሪዎች በታወኩ ጊዜ መምህራን ተማሪዎቹን እንዲቆጣጠሩ ትእዛዝ ወጣ፤ እርሱም የመንግሥት ሰላይ አልሆንም ብሎ ለሚኒስትሩ ጻፈ።

በ1901 የሩሲያው ቅዱስ ሲኖዶስ ደራሲውን ሊዮ ቶልስቶይን ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው ብሎ አውጆ ነበር። ማርኮቭ በ1912 እኔንም አውግዙኝ ብሎ በገዛ እጁ ለቅዱስ ሲኖዶስ አመለከተ፤ ለምክንያቱም የፕሮባቢሊቲ መጽሐፉን ጠቀሰ፤ በዚያ ውስጥ ስለ ምስክርነት ታማኝነት ሲጽፍ በተአምራት ወሬ እንደማያምን ገልጦ ነበርና። ሲኖዶሱም ከቤተ ክርስቲያን በራሱ እንደ ወጣ ቆጠረው። በዚህ ብዙ ምእመን አንባቢ እንደሚያዝን አውቃለሁ፤ እኔ ግን የማያምነውን አምናለሁ ብሎ ሹመቱን ከመጠበቅ ይልቅ በግልጥ መናገሩን አከብርለታለሁ።

በ1913 መጀመሪያ ከሁሉ የሚደነቀውን ሥራ ለአካዳሚው አቀረበ። የፑሽኪንን ዬቭጌኒ ኦኔጊን ወሰደ፤ በቅድመ አያቱ በአብራም ሃኒባል ምክንያት ሐበሾች የኛ ነው የምንለውን ያንን ባለቅኔ ማለቴ ነው። የግጥሙን የመጀመሪያ ምዕራፍ በሙሉ፥ ከሁለተኛውም ከፊሉን ያለ ነጠላ ሰረዝና ያለ ክፍተት እንደ አንድ ረጅም ተርታ ጻፈው፤ 20,000 ፊደል ሆነ። ይህንንም መቶ መቶ እያደረገ በ200 ሰሌዳ አሰፈረና አናባቢና ተነባቢ እያለ በእጁ ቆጠረ። አናባቢው 8,638፥ ተነባቢው 11,362 ሆነ። እንግዲህ አንድ ፊደል በድንገት ቢነሣ አናባቢ የመሆን ዕድሉ 0.432 ነው። ፊደላቱ እንደ ዘውድና ጎፈር የማይተያዩ ቢሆኑ ከማንኛውም ፊደል በኋላ ይኸው 0.432 ይገኝ ነበር። እርሱ ግን ከአናባቢ ቀጥሎ አናባቢ የመጣበትን ቢቆጥር 1,104 ብቻ አገኘ፤ ዕድሉም 0.128 ሆነ። ከተነባቢ ቀጥሎ የመጣው አናባቢ ግን 7,534 ነው፤ ዕድሉ 0.663 ይሆናል። አንዱ ፊደል የሚከተለውን ይስበዋል ወይም ይገፋዋል፤ ይህም ሆኖ ከሰሌዳ ሰሌዳ የአናባቢው ድርሻ ከዚያው መጠን ብዙ አይርቅም ነበር።

ባለቅኔ ስንኙን ሲቋጥር አናባቢ አይቆጥርም፤ የፑሽኪን ቃል ግን ለቋንቋው ሥርዓት ይታዘዝ ነበር፤ ማርኮቭም የታዘዘበትን መጠን በቁጥር አሳየ። ከዚህ ቀጥሎ የአክሳኮቭን ድርሰት 100,000 ፊደል ቆጠረ። ያለ መኪና፥ በብዕርና በወረቀት ብቻ ይህን ያህል ፊደል መቁጠር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ልብ በሉ፤ ያ ቁጡ ሰው ለሥራው የነበረው ትዕግሥት እንዲህ ነበር።

በዚሁ ዓመት የሮማኖቭ ቤት የነገሠበት 300ኛ ዓመት በመላው ሩሲያ በደወልና በሰልፍ ተከበረ። ማርኮቭ ግን በአካዳሚው ሌላ በዓል አዘጋጀ፤ የቤርኑሊ መጽሐፍ የታተመበት 200ኛ ዓመት ነው። በታኅሣሥ ወር እርሱ፥ የሒሳብ ሊቁ ቫሲልዬቭና ቹፕሮቭ ተነሥተው ስለ ትልልቅ ቁጥሮች ሕግ ተናገሩ። አራት ዓመት ሳይሞላ የሮማኖቭ ዙፋን ወደቀ።

በ1917 መጸው ማርኮቭ ወደ አገር ውስጥ እንዲላክ ጠየቀና በተወለደበት በሪያዛን ግዛት ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ዛራይስክ ሄደ። የረኃቡን ክረምት በዚያ አሳለፈ፤ የአካዳሚው ሊቅ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ ሒሳብ አስተማረ። በዚያን ጊዜ ፔትሮግራድ ወደ ተባለችው ወደ ፒተርስበርግ ከተመለሰም በኋላ ዓይኑን ታሞ ነበር፤ መቆም እየተሳነው ፕሮባቢሊቲ ማስተማሩን ቀጠለ። በ1921 ጫማ ስለሌለኝ ወደ ስብሰባ ልመጣ አልችልም ብሎ ለአካዳሚው አስታወቀ። ጫማ ቢሰጡትም በእግሩ ልክ አልሆነም፤ ስፌቱም የማይረባ ነበር። እርሱም ጫማው የዘመኑን ኑሮ ያሳይ ዘንድ በሙዚየም እንዲቀመጥ ልሰጥ ዝግጁ ነኝ ሲል ጻፈላቸው። በእርጅናው፥ በረኃብ መካከል፥ ያልተስተካከለውን ነገር ተስተካክሏል ብሎ ሊቀበል አልወደደም።

ከዚህ በኋላ የእግሩ ደም ሥር ታመመ፤ ደጋግመው ቀዶ ጥገና ቢያደርጉለትም ቁስሉ ተመረዘ። ሐምሌ 20 ቀን 1922 በፔትሮግራድ ሞተ። የፕሮባቢሊቲ መጽሐፉ በ1900 ከወጣ ወዲህ እያረመ ያሳተመው ነው፤ አራተኛው እትም በ1924 ወጣ።

ሞቱን ከጻፍን ወራሾቹን መጻፍ የዜና መዋዕል ሥርዓት ነው። በ1903 የወለደው ልጁ፥ በአባቱ ስም አንድሬይ የተባለው፥ ይህ አራተኛው እትም በወጣበት በ1924 ከሌኒንግራድ (ከቀድሞዋ ፒተርስበርግ) ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በሎጂክና በአልጎሪዝም ትምህርት ታላቅ ሊቅ ሆነ፤ በ1959 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳባዊ ሎጂክ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሃያ ዓመት አገለገለ። ሰንሰለቱንም የሒሳብ ሊቁ ኮልሞጎሮቭ በ1931 ጊዜ ሳይቋረጥ ወደሚፈስበት ሒሳብ አሻገረው፤ በአሜሪካ ክሎድ ሻነን በ1948 የመልእክትን ትምህርት ሲመሠርት የእንግሊዝኛን ፊደላት በዚሁ በማርኮቭ ሰንሰለት ደረደረ። በ1998ም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ጎግልን ሲያቋቁሙ፥ ከገጽ ወደ ገጽ እየዘለለ የሚሄደውን አንባቢ የሰንሰለቱ መንገደኛ አድርገው የየገጹን ማዕርግ አወጡ።