ጀሶና ኖራ፦ በሥነ ምድር ካርታና በግንበኛ አፍ

የግንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ ካቺሲ የተቆረቆረችው በባዛልት በተሸፈነ ደጋ ላይ ነው። ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ይህ ዐለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ከደጋው ወደ አባይ የሚወርደውን ገደል ለሚያጠና ሰው ግን ከባዛልቱ ሥር ሌላ ታሪክ ይጠብቀዋል፦ አሸዋ ድንጋይ፣ የጭቃ ድንጋይ፣ በሃ ድንጋይ፣ ከበሃው ሥር ጀሶ ከሸክላማ ንጣፎች ጋር፣ ከሁሉም ግርጌ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ይህ በአባይ ሸለቆ በሰፊው የታወቀ ቅደም ተከተል ነው። እዚህ የምንመረምረው በመካከል ያሉትን በሃና ጀሶ፣ ከእነሱም የሚገኙትን ሁለት የግንባታ ዕቃዎች ነው።

ሁለቱም ድንጋዮች ነጣ ያሉ ናቸው፤ ሁለቱም ተቃጥለው ዱቄት ይሆናሉ፤ ሁለቱም ለልስን ይውላሉ። ከመልካቸው ይልቅ የሚያደናግረው ግን አሰያየማቸው ነው። ከገደሉ የሚፈነቀለው ማዕድን ጀሶ ይባላል፤ ተቃጥሎ የተፈጨው ዱቄትም ጀሶ ነው፤ ሐኪም ቤት የተሰበረ እጅ የሚታሰርበትም ያው ጀሶ ነው። ኖራ ግን በየትኛውም ገደል ተነጥፎ አይገኝም። ኖራ ሰው በእሳት የሠራው ነው፤ ተፈጥሮ ያስቀመጠችው በሃ ድንጋይን ነው። «የኖራ ድንጋይ» የሚለው አጠራር የሚያስኬደው ኖራ የሚወጣበት ድንጋይ ለማለት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ይህ ካልተለየ፣ በሥራ ዝርዝር ላይ «ኖራ» ተብሎ የተጻፈው የተፈጨ ጥሬ በሃ ይሁን፣ ውኃ ያልጠጣ ኖራ ይሁን፣ ወይስ ውኃ ጠጥቶ የረጋ፣ አይታወቅም። ሦስቱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ጠባያቸው የተለያየ ነው።

የድንጋዮቹ ልዩነት የሚጀምረው ከባሕር ነው። በጁራሲክ ዘመን ወደዚህ ምድር የገባው ባሕር መጀመሪያ ጥልቀት የሌለውና ከሰፊው ውቅያኖስ የተከለለ ነበር፤ ውኃው ሲተን የረጋው ጨው ጀሶ ሆነ። ጂኦሎጂስቱ ጌታነህ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ1981 የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ብለው የሰየሙት ይህንኑ የጀሶና የሸክላማ ድንጋይ ንብርብር ነው። ባሕሩ እየሰፋና እየጠለቀ ሲሄድ ደግሞ የዛጎልና የመሳሰሉት የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ተደራርቦ በሃ ድንጋይ ሆነ። ከናፒየር ዘመቻ ጋር የመጡት ጂኦሎጂስት ዊሊያም ብላንፎርድ የአንታሎ በሃ ድንጋይ ያሉት እሱን ነው። ስለዚህ የሁለቱ ዝምድና በካልሲየም ብቻ ነው፤ ጀሶ ካልሲየምን ከሰልፌትና ከውኃ ጋር ይዟል፣ በሃ ደግሞ ከካርቦኔት ጋር።

ሜዳ ላይ ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጀሶ በጥፍር ይጫራል፤ በሃ ለቢላዋ እንጂ ለጥፍር አይበገርም። የበሃ ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ ቢደረግ ይፍለቀለቃል፤ ጀሶ ምንም አያሳይም።

እሳት ላይ ሲወጡ መራራቃቸው ይበልጥ ይጎላል። ለጀሶ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበቃዋል፤ በውስጡ ከያዘው ውኃ ሦስት አራተኛውን ይለቅና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ እንደገና ውኃ ሲያገኝ የለቀቀውን መልሶ ይጠጣና በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። በሃ ግን 900 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ከክብደቱ 44 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ የሚቀረው ውኃ ሲያገኝ የሚፈላና ቆዳ የሚያቃጥል ኖራ ነው። ውኃ የጠጣው ኖራ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ የሚጠነክረው ቀስ በቀስ፣ የለቀቀውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ ነው። በወራትና በዓመታት ውስጥ ተመልሶ በሃ ይሆናል። እንዲህ ወደ ተፈጠረበት መመለሱ ለእኔ የኖራ ትልቁ ውበት ነው።

በዝናብ አገር ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ2 ግራም በላይ ጀሶ ያሟሟል፤ በሃ በንጹሕ ውኃ የሚሟሟው ከዚህ ከመቶ አንድ እጅ ባነሰ መጠን ነው። ለዚህ ነው ጀሶ ለኮርኒስና ለውስጥ ልስን እንጂ ክረምት ለሚመታው ውጭ ግድግዳ የማይሆነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጢስ አባይ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይና የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋያቸው በኖራ የተያያዘ ነው፤ በጀሶ ተገንብተው ቢሆን ኖሮ የአራት መቶ ዓመት ዝናብ ባላስተረፋቸው ነበር።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ካቺሲ ባለችበት ምዕራብ ሸዋ ውስጥ አለ፤ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ። ለሲሚንቶ በሃ ድንጋይ ከሸክላማ አፈር ጋር 1450 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ ክሊንከር ይሆናል፤ ክሊንከሩ ሲፈጭ ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ ጀሶ ይጨመርበታል። ብቻውን በደቂቃዎች የሚደርቀው ጀሶ እዚህ ሥራው ማዘግየት ነው፤ ያለ እሱ ሲሚንቶው ውኃ እንደነካው ይደርቅና ለግንበኛ ፋታ አይሰጥም። መጠኑ ካለፈ ግን ያው ጀሶ ጠላት ነው። ሰልፌቱ ከጠነከረው ሲሚንቶ ጋር ተዋህዶ የሚያብጥ ማዕድን ይፈጥርና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከውጭ በከርሰ ምድር ውኃ የሚመጣ ሰልፌትም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ በአባይ ሸለቆ ተዳፋት ላይ የድልድይ ወይም የመንገድ መሠረት የሚነድፍ መሐንዲስ፣ መሠረቱ የሚያርፈው በበሃ ላይ ይሁን በጀሶ ላይ አስቀድሞ ከጂኦሎጂስቱ ማወቅ አለበት፤ ጀሶ ከሆነ የሚታዘዘው ሲሚንቶ ሰልፌትን የሚቋቋም ዓይነት ነው።