የላፕቶፕ ፋን ያለማቋረጥ መጮህ

የላፕቶፕ ፋን ያለማቋረጥ መጮህ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ሳይሠራ እንኳ ማቀዝቀዣ ማራገቢያው (ፋኑ) በከፍተኛ ፍጥነት መሽከርከሩን የማያቆምበት ሁኔታ ነው። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ፋኑ አይደለም፤ ፋኑ የታዘዘውን እየፈጸመ ነው። ፋን ከመቀየር በፊት ለምን እንዲፈጥን እንደታዘዘ መለየት ያስፈልጋል።

አሠራር

ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨው ሙቀት ቴርማል ፔስት በሚባል ቅባት በኩል ወደ መዳብ ቱቦ ያልፋል። ቱቦው ሙቀቱን በላፕቶፑ ጠርዝ ወዳሉት ቀጫጭን የብረት ክንፎች ያደርሳል፤ ፋኑም በክንፎቹ መካከል አየር እየነፋ ያስወጣዋል። የፋኑን ፍጥነት የሚወስነው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ተቆጣጣሪ ቺፕ ሲሆን፣ የሚመራውም ከሙቀት ሴንሰሮች በሚያገኘው ንባብ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ጩኸትና መንቀርፈፍ አብረው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ምክንያቱን መለየት

መጀመሪያ የፕሮሰሰሩ ሥራ መጠን ይታያል። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ ቁልፎች በአንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ በማክ ደግሞ አክቲቪቲ ሞኒተር አለ። አንድ ፕሮግራም ያለማቋረጥ ፕሮሰሰሩን ከያዘ ምክንያቱ እሱ ነው፦ የዊንዶውስ አፕዴት፣ የአንቲቫይረስ ፍተሻ፣ የተከፈቱ ብዙ የብሮውዘር ገጾች፣ አልፎ አልፎም በድብቅ ክሪፕቶ የሚያመርት ቫይረስ። አፕዴትና ፍተሻ ሲጨርሱ ፋኑ በራሱ ይረጋጋል።

ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ሳለ ላፕቶፑ የሚግል ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍናል። ከዚያ ውጭ ዋናው ተጠያቂ አቧራ ነው፤ በክንፎቹ መግቢያ ላይ እንደ ጥጥ ተጋግሮ አየሩን ይዘጋል። ለዓመታት ባገለገለ ላፕቶፕ ቴርማል ፔስቱም ደርቆ ሊሆን ይችላል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው።

ላፕቶፑ ቀዝቃዛ ሆኖ ፋኑ ገና ከመነሻው የሚጮህ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ወይም ወደ ተቆጣጣሪው ይዞራል። ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን (ባትሪው የሚወጣ ከሆነም ባትሪውን) ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ በብዙ ሞዴሎች ተቆጣጣሪውን እንደ አዲስ ያስጀምራል። ካልሆነ ባዮስ አፕዴት ይደረጋል።

ጽዳት

ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ከተከፈተ በኋላም የባትሪው ገመድ ተነቅሎ፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። አየር የሚነፋ ከሆነ ፋኑ እንዳይዞር በስቴኪኒ መያዝ አለበት፤ በኃይል ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይመከርም፣ ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይረጫልና። ጩኸቱን ለመገላገል የፋኑን ገመድ መንቀል ደግሞ ማዘርቦርዱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ከጥገና የተመለሰ ላፕቶፕ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት የሚዞር ከሆነ በመጀመሪያ የሚታየው የፋኑ ሶኬት ነው። ባለ አራት ገመድ ፋኖች የፍጥነት ምልክቱ ሲቋረጥባቸው አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ፍጥነት እንዲዞሩ ሆነው የተሠሩ ናቸው።