ተረስቶ የቆየው የዓሣ ክትባት



ሰሞኑን አብነት ሰፈር ዓሣ ጥብስ ቀርቦልኝ ስበላ፣ የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ሳህን ሊነሣ እንደሚገባ ታየኝ። በከተማችን የምንመገበው የሀገር ውስጥ ዓሣ በአመዛኙ ከሐይቅ የተጠመደ ነው። ነገር ግን የኩሬ እርባታም እየተጀመረ ነው፤ ሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል የቆሮሶ ጫጩቶችን እያባዛ ለአርቢዎች ያከፋፍላል። ዓሣ በጠባብ ውኃ ሲበዛ ግን ባክቴሪያ በቀላሉ ይዛመታል።

መከላከያው ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1942 ካናዳዊው ተመራማሪ ዳፍ ፉሩንኩሎሲስ የተባለውን የእባጭ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ በክሎሮፎርም ገድሎ ከመኖ ጋር ለትራውት ዓሦች መገበ። የተመገቡት ካልተመገቡት ይልቅ በሽታውን ተቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ግን የሰልፋ መድኃኒቶችና አንቲባዮቲኮች መጡ። ፈጥነው ስለሚፈውሱ የዳፍ ግኝት ለሠላሳ ዓመታት ያህል ቸል ተባለ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የዓሣ ክትባት ለገበያ የተፈቀደው በ1976 ነው።

የዚህ መዘግየት ዋጋ በኖርዌይ ታየ። በ1987 የሳልሞን አርቢዎች ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቀሙ፤ ባክቴሪያዎቹም መድኃኒቱን እየተላመዱ ሄዱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዘይት የተዘጋጀ ክትባት እያንዳንዱን ዓሣ መውጋት ተለመደ። በዐሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ምርቱ ብዙ እጥፍ አድጎ ሳለ የመድኃኒቱ መጠን ከ2 ቶን በታች ወረደ።

እኛስ? የተገደለ ባክቴሪያን ክትባት ማድረግ ለሀገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ለከብቶቻችን የአባ ጎርባ ክትባት ሲያዘጋጅ ኖሯል። ሆኖም የኖርዌይን መንገድ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣንም። አንድ ሳልሞን የመርፌውን ወጪ ይሸፍናል፤ የትንሽ አርቢ ቆሮሶ ግን አይሸፍንም። ስለዚህ ዳፍ የጀመረው፣ በመኖ የሚሰጥ ክትባት እንደገና ሊጠና ይገባዋል። ደካማ ጎኑም አይሰወረን፤ ክትባቱ በዓሣው ሆድ ውስጥ በከፊል ስለሚፈጭ የሚሰጠው መከላከያ ከመርፌው ያነሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን በኩሬዎቻችን የሚገኙትን ባክቴሪያዎች ለይቶ ማወቅ ነው፤ የሌላ ሀገር ዝርያን ይዞ የተሠራ ክትባት የእኛን ላይመክት ይችላልና። ተማሪዎቼ፣ ይህ ሥራ የእናንተ ነው። አርቢው በየሕመሙ አንቲባዮቲክ መበተን ከለመደ በኋላ ልማዱን ማስተው ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ታሪኩ አሳይቶናል። እኛ ገና በጅማሬው ላይ ነንና ዕድሉ አላመለጠንም።