የዕቃ ዕድሜና የሩቅ ትእዛዝ

እንደሚታወቀው ቀደም ባለው ዘመን የአንድ የቤት ዕቃ ዕድሜ የሚለካው በአካሉ ጥንካሬ ነበር። ሬዲዮ ቢበላሽ ጠጋኙ ከፍቶ፣ የተቃጠለውን ክፍል ለውጦ ለባለቤቱ ይመልሰዋል። ዛሬ ግን አካሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆን ዕቃ መጥቷል።

ሪቮልቭ የተባለው መሣሪያ የቤትን መብራትና የበር ቁልፍ በስልክ ለማዘዝ የሚያስችል፣ ዋጋውም 300 ዶላር ገደማ የነበረ ነው። ኔስት የተባለው ኩባንያ አምራቹን በ2007 ዓ.ም. ከገዛ በኋላ፣ መሣሪያው የሚመራበትን የኢንተርኔት አገልግሎት ግንቦት 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ዘጋው። መሣሪያውም ሳይሰበር ሥራ አቆመ።

በሀገራችንም ለዚህ የሚቀርብ ሁኔታ ታይቷል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ከሆሳዕና እስከ ሙዱላ በየጣሪያው የተተከለው ዲሽ አንዳች ሳይጎድለው ጣቢያዎቹን አጣ። ሆኖም የስርጭቱ ሥርዓት የታወቀና ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ዲሽ ሠሪው በመሰላል ወጥቶ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ አዞረው፤ አዲሱን ስርጭት ማንበብ የተሳነው ሪሲቨርም በሌላ ተተካ። ለሪቮልቭ ባለቤት ግን እንዲህ ያለ ባለሙያ አልተገኘለትም፤ የአሠራሩ ምሥጢር በአንድ ኩባንያ እጅ ነበርና።

ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎግል ቀደምት የኔስት ሙቀት መቆጣጠሪያዎችን ከስልክ ትእዛዝ ሲያቋርጥ፣ መሣሪያዎቹ ግድግዳ ላይ እንዳሉ በእጅ መታዘዛቸውን ቀጠሉ። ልዩነቱ የመጣው ከንድፉ ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ዕቃ ሲነድፍም ሆነ ሲመርጥ፣ የሩቁ አገልግሎት በተቋረጠ ዕለት የሙዱላው ጠጋኝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።