የራስን ማኅበራዊ ገጽ ከመክፈት በፊት፦ የሰርቨር እና የዳታቤዝ ዝግጅት

ማስቶዶን ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶች ወይም የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች በራሳቸው ሰርቨር ላይ ጭነው የሚያስተዳድሩት የማኅበራዊ ትስስር ሶፍትዌር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በኦይገን ሮችኮ አማካኝነት ይፋ ኾኗል። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ የአባላትን መረጃ የመጠበቅ ኀላፊነት ግን ገጹን በከፈተው አካል ላይ ይወድቃል።

አድራሻ እና ሰርቨር

በቅድሚያ የሚወሰነው የገጹ አድራሻ ነው። ሌሎች ሰርቨሮች አባላቱን የሚያውቋቸው በዚሁ አድራሻ በመኾኑ ሥራ ከተጀመረ በኋላ መለወጥ አይቻልም።

ሰርቨር ሌት ተቀን የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በቤት ከሚቀመጥ ይልቅ ከዳታ ማዕከል የሚከራይ ይመረጣል። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ተጭኖ ከታደሰ በኋላ ወደ ሰርቨሩ የሚገባው በይለፍ ቃል ሳይኾን በዲጂታል ቁልፍ እንዲኾን ይደረጋል። ከውጭ ክፍት የሚኾኑት በሮች 22፣ 80 እና 443 ብቻ ናቸው። እንግዶችን የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ የተባለው ሶፍትዌር ሲኾን፣ ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ የሚሰጠው የ90 ቀን የደኅንነት ሰርተፊኬት በራሱ እንዲታደስ ይስተካከላል።

ዳታቤዝ

የአባላት ስም፣ ጽሑፍ እና መልእክት የሚከማቸው ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ለማስቶዶን ብቻ የሚያገለግል የተጠቃሚ ስም ይከፈትለታል፤ 5432 የተባለው የዳታቤዙ በር ለውጭ ዝግ መኾን አለበት። ሬዲስ ደግሞ ጊዜያዊ መረጃዎችን እና ተራ የሚጠብቁ ሥራዎችን ይይዛል።

ምትኬ

የሬዲስ መረጃ ቢጠፋ ጉዳቱ ቀላል ነው። የዳታቤዙ መጥፋት ግን የአባላቱን መለያ እና ጽሑፍ በሙሉ ያጠፋል። ስለዚህ የዳታቤዙ፣ የምስጢር ቁልፎችን የያዘው የማስተካከያ ፋይል እና አባላት የጫኗቸው ምስሎች ቅጂ በየጊዜው ይወሰዳል።

ቅጂው በዚያው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ አይጠቅምም፤ ዘሩን እና እህሉን በአንድ ጎተራ ያኖረ ገበሬ ጎተራው ሲቃጠል ሁለቱንም እንደሚያጣ ኹሉ፣ ሰርቨሩ ሲበላሽ ቅጂውም አብሮ ይጠፋል። በሌላ ቦታ የተቀመጠው ቅጂም ቢኾን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ መሥራቱ ሊሞከር ይገባል። አባላት መጋበዝ ያለባቸው ይህ ሙከራ ከተሳካ በኋላ ነው።