በስተርጅና ለፍርድ መጠራት፤ በብቸናና በሞጣ አገር

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው የአበው ምሳሌ፥ ሰውን የሚያስመርረው የጠፋበት ገንዘብ ብዛት ሳይሆን የአጠፋፉ መንገድ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ሕዝብ ሁሉ በየአገሩ ለፍርድ ማን ይጠራ፥ በስንት ዕድሜውስ ይጠራ ብሎ አስቦበታል። መልሱ ግን አንድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከዳኛው ጋራ ተቀምጠው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚሉ 12 ሰዎች ከመራጮች መዝገብ በዕጣ ይወጣሉ፤ ዕድሜው ከ75 ዓመት ያለፈ ሰው ግን አይጠራም። በምሥራቅ ጎጃም፥ በብቸናና በሞጣ አገር፥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እንግሊዛዊው በሚሰናበትበት ዕድሜ የብቸናና የሞጣ ሰው ይጠራል።

ሁለቱ ልማዶች በጥንት ዘመን ይቀራረቡ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1166 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ባወጣው ሥርዓት፥ ከየወረዳው የተመረጡ 12 የታመኑ ሰዎች እየማሉ በአገራቸው በነፍስ ግድያና በስርቆት የሚጠረጠረውን ይናገሩ ነበር። የተመረጡትም አገሩንና ሰዉን ስለሚያውቁ ነው። በጎጃም አውጫጭኝ ይባል የነበረው ሥርዓት ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረም ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሎች እያንዳንዱን እያስማሉ ያየውንና የሰማውን ያወጣጣሉ። ምስጢሩን የገለጠው ሰው ከበቀል እንዲጠበቅ በስሙ አይጠራም፤ «ወፍ» ይባላል እንጂ።

ኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። የእንግሊዝ ሕግ እየቈየ ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ከፈራጅነት አራቀ፤ ምስክሩ ሌላ፥ ፈራጁ ሌላ ሆነ። በብቸናና በሞጣ ግን ሽማግሌው የተፈለገው ስለሚያውቅ ነው።

የዚህም ምክንያት ርስት ነበረ። የጎጃም ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቈጥሮ ነው። አንድ ሰው ብዙ ቅድመ አያቶች ስላሉት የሚጠይቀው መሬት በብዙ ስፍራ ይገኝ ነበር፤ ስለዚህም ክርክሩ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር። የትውልዱ ቈጠራ ደግሞ በአብዛኛው በብራና ሳይሆን በሽማግሎች ልቡና ተጽፎ የሚኖር ነው። ወሰኑ ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው ጅረት እንደ ሆነ፥ እገሊት የማን ልጅ እንደ ነበረች የሚያውቀው አረጋዊ በሞተ ጊዜ፥ መዝገብ እንደ ተቃጠለ ይቈጠራል።

ነገር ግን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚወደውና የሚፈራው አለው። ሽማግሌው ራሱ ከአንዱ ተከራካሪ ጋራ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው አባት ይገናኛል። ፍርዱም ካለቀ በኋላ ወደ ሌላ አገር አይሄድም። ከረታውም ከተረታውም ጋራ በአንድ ደብር ያስቀድሳል፥ በአንድ ማኅበር ይዘክራል፤ ልጆቹም ከተረታው ሰው ልጆች ጋራ ወሰን ለወሰን ያርሳሉ። በርስት የተነሣው ጠብ እስከ ደም መቃባት ይደርስ ስለ ነበር፥ የሽማግሌው አንድ ቃል ነፍስ ማዳንም ማጥፋትም ይችል ነበር።

ሽበትም ብቻውን የእውነት ዋስ አይሆንም። በሶስና ታሪክ በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት የመሰከሩት ሁለቱ፥ ሕዝቡ ለፈራጅነት የሾማቸው ሽማግሎች ነበሩ። ሐሰታቸውን የገለጠው ብላቴናው ዳንኤል ነው፤ ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ቢጠይቃቸው አንደኛው አንድ ዛፍ፥ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ጠራ። የኢትዮጵያ የጥንት ሸንጎ ይህን አደጋ ያወቀ ይመስላል። በሸንጎ የተቀመጡት ሰዎች ፍርዳቸውን የሚናገሩት ከታናሹ ጀምረው ነበር፤ ታላቁ በመጨረሻ ይናገራል። ታላቁ ቢቀድም ታናሹ ከቃሉ ለመውጣት አይደፍርምና። ስለዚህ በስተርጅናው ለፍርድ የተጠራ ሰው ቀዳሚ ሥራው ዝም ብሎ መስማት ነበረ።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በአዲስ ሲደራጁ ይህ ልማድ አልጠፋም። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአጥቢያ ዳኞች ተቋቋሙ፤ እስከ 25 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር እንዲያዩ፥ እስከ 15 ብርም እንዲቀጡ ተፈቀደላቸው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ223ኛው አንቀጹ፥ የአጥቢያ ዳኛው ስድብን፥ ቀላል ድብደባን፥ ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን የመሰለውን ነገር አስቀድሞ በዕርቅ እንዲጨርስ፥ ዕርቁ ካልሆነለትም ሁለት ሰዎች ከአጠገቡ አስቀምጦ እንዲፈርድ ደነገገ። ከእንግሊዞች 12 ሰዎች ጋራ የሚመሳሰል ነገር በዚህ ሕግ ውስጥ ቢፈለግ፥ የሚገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዕርቅ ከፍርድ መቅደሙም ከሽማግሎች ልማድ ጋራ የተስማማ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ ሕዝቡ የማንን ቃል እንደሚቀበልና የማንን እንደማይቀበል ተገለጠ። የሞጣና የብቸና ገበሬዎች ግመታው ርስታችንን ለመለካትና ለመንጠቅ የታሰበ ነው ብለው ስለ ሠጉ፥ ገማቾችን አናስገባም ብለው ተነሡ። ጦር ዘመተባቸው፥ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለባቸው። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ ለውዝፉም ግብር ምሕረት ተደረገ። በወሰን ክርክር የሽማግሌን ቃል የሚቀበል ሕዝብ የገማችን ቃል እንቢ ያለበት ምክንያት ከአመራረጡ የመጣ ይመስላል። ሽማግሌው የሚቀመጠው ሁለቱ ወገኖች ወደውት ነው፤ ገማቹ ግን የመጣው በአዋጅ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። ትውልድ ቈጥሮ መሬት መጠየቅ ቀረ፤ ዳኝነቱም ወደ ገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ተላለፈ። ሽማግሎች ከአባቶቻቸው ተቀብለው የጠበቁት የቈጠራ ዕውቀት በፍርድ ፊት ዋጋ አጣ። ወሰን የሚገፋ ጎረቤት ግን በአዋጅ አይጠፋምና፥ ሽማግሌው እንደ ገና ተፈለገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ፥ ክርክር አስቀድሞ በስምምነት እንዲያልቅ፥ ይህ ካልሆነ ተከራካሪዎች በመረጧቸው ገላጋዮች ወይም በክልሉ ሕግ መሠረት እንዲወሰን አዘዘ።

እንግሊዛዊው ፈራጅ ፍርዱን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከተረታው ሰው ጋራ ምናልባት ዳግመኛ አይተያይም። የብቸናና የሞጣ ሽማግሌ ግን በማግሥቱ በደጀ ሰላም ያገኘዋል። የዚህም ሸክም ክብደት ቀላል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ፍርዱን የሚጠብቅለት ይኸው ሸክም ነው። ስለዚህ በዕድሜው ማምሻ የተጠራ ሰው ጕልበቱ ቢደክም እንኳ ጥሪውን አይናቅ። ታናሹን አስቀድሞ ይስማ፥ ወገኑም ቢረታ ያወቀውን አይደብቅ። እንዲህ ያደረገ እንደ ሆነ የተረታው ሰው መሬቱን ቢያጣ እንኳ፥ ሽማግሌውን በመንገድ ሲያገኘው እጅ ሳይነሣ አያልፍም።